በሐረግ ላይ የሚያፈራው ያም፦ ምግብነቱና መድኃኒትነቱ

ይህ ጽሑፍ ለግብርና ባለሙያዎች፣ ለጤና ተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተሰብሳቢው የተነሡ ጥያቄዎችንም አክያለሁ።

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ተክል ነው። ተክሉ ሐረግ ነው። ዛፍ ካገኘ ዛፍ ላይ፣ አጥር ካገኘ አጥር ላይ ይወጣል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ የልብ ቅርጽ አለው። የሚገርመው ምግቡን የሚይዝበት ቦታ ነው። ከሌሎቹ የያም ዓይነቶች አብዛኞቹ ምግባቸውን የሚያከማቹት አፈር ውስጥ ነው። ይሄኛው ግን ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ላይ ድንች የመሰለ ነገር ያንጠለጥላል። አንዳንዱ ከለውዝ አይበልጥም። አንዳንዱ ጭብጥ ያክላል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። በሳይንስ ዲዮስኮሪያ ቡልቢፌራ ይባላል። ፈረንጆቹ ኤር ፖቴቶ ይሉታል። እኔ ዛሬ የአየር ያም እያልኩ እጠራዋለሁ። የሚንጠለጠለውም በትክክል ፍሬ አይደለም፤ አብጦ ምግብ የቋጠረ የግንዱ ክፍል ነው። ለንግግር እንዲቀል ግን ፍሬ ልበለው።

ነገሩን ከመነሻው ግልጽ ላድርግ። የአየር ያም ጥሩ ምግብ ነው። በአፍ ሲወሰድ ግን መጥፎ መድኃኒት ነው። የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው። ምክንያቱን ደግሞ በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ምክሩንም አይጠብቅም።

መጀመሪያ ዘመዶቹን እንይ። የያም ወገን ከ600 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የሚገኙት በሞቃታማው የዓለም ክፍል ነው። የወገኑ ስም የተወሰደው በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው የግሪክ ሐኪም ከዲዮስኮሪደስ ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች ሰው አልምቶ የሚበላቸው ጥቂት ናቸው። በምዕራብ አፍሪካ ነጩና ቢጫው ያም የሕዝብ ቀለብ ነው። ከዓለም የያም ምርት ከግማሽ የሚበልጠው ከናይጄሪያ ብቻ ይወጣል። በኢግቦዎች ዘንድ አዲሱ ያም ሲደርስ ትልቅ በዓል አለ፤ በዓሉ ሳይከበር አዲሱን ያም መብላት ነውር ነው። በፊሊፒንስ ደግሞ ውስጡ ሐምራዊ የሆነው ያም ጣፋጭ ምግብና አይስክሬም ይሠራበታል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ያምን በደንብ የሚያውቀው የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ሰው ነው። በወላይታ ቦዬ ይባላል። በጋሞ፣ በጎፋ፣ በዳውሮ፣ በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንች፣ በጅማና በወለጋ ከእንሰት፣ ከጎደሬና ከቡና ጋር ጓሮ ውስጥ ይተከላል። በጤፍና በገብስ ያደገ የሰሜን ሰው ስሙን እንኳ ላያውቀው ይችላል። የአየር ያም ደግሞ በደቡብ ምዕራባችን በጓሮም ይለማል፣ በጫካም ይገኛል። ተፈጥሯዊ ክልሉ በጣም ሰፊ ነው። ከአፍሪካ ተነሥቶ በእስያ በኩል እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ይደርሳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ የሚያኮራ ነገር ስለሆነ ነው። ዲዮስኮሪያ አቢሲኒካ የሚባል የዱር ያም አለ። ስሙ እንደሚነግራችሁ ከአገራችን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የዘረመል ጥናት፣ በምዕራብ አፍሪካ ሚሊዮኖች የሚመገቡት ነጭ ያም ዲዮስኮሪያ አቢሲኒካ ከሌላ የጫካ ያም ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ድቅያው የተፈጠረው እዚያው በምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ይህ የዱር ያም ከእኛ አገር እስከዚያ ድረስ ይበቅላልና። ያም ሆኖ ሳር ቅጠሉን ስንመነጥር ምን እየመነጠርን እንደሆነ ማወቅ አለብን። የዱር ያም ማለት ለነገው አርሶ አደር የተቀመጠ ዘር ነው።

አሁን ወደ ምግቡ ልግባ።

የአየር ያምን የምወድበት አንዱ ምክንያት ሰውን አለማድከሙ ነው። ሌላውን ያም ለማውጣት መሬት መቆፈር አለ፤ ጥልቅ ነው፤ ስሩም በቀላሉ ይሰበራል። ይሄኛውን ግን ከሐረጉ ላይ ትለቅሙታላችሁ። ሲበስል በትንሽ ንቅናቄ ራሱ ይወድቃል። እናት ተክሉ አይነካም። ከለቀማችሁት ላይ ትልልቁን ትበላላችሁ፣ ትንንሹን ለዘር ታስቀራላችሁ። ለተከላ ስትሉ የሚበላ ስር ቆርጣችሁ መቅበር አይጠበቅባችሁም። ለአንድ ደሃ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌሎቹን ያሞች ስንተክል ከምርታችን ቀላል የማይባለውን መልሰን ለመሬት እንሰጣለን።

የተለቀመው ፍሬ ደግሞ ጥላ ባለበት፣ አየር በሚገባበት ደረቅ ቦታ ወራት ይቆያል። ለዚህ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም።

አበሳሰሉ ቀላል ነው። ከነልጣጩ ታጥቦ በደንብ ይቀቀላል። ከዚያ ይላጣል። ረመጥ ውስጥ የሚጠብሱትም አሉ። በጥሬው ከላጣችሁት የሚያዳልጥ ፈሳሽ አለው፤ እጅ ያሳክካል። ስለዚህ ቀቅሎ መላጥ ይሻላል፤ ካልሆነ እጅን ዘይት መቀባት ነው። የተቀቀለው በጨው፣ በዳጣ፣ በቅቤ፣ ከአይብ ጋር ይበላል። ለቡና ቁርስም ይሆናል። መልኩ እንደ ዓይነቱ ነው፤ ነጭም ቢጫም አለ። ጥሩ ዓይነት ከሆነ ጣዕሙ ከድንች ጠንከር ያለ ነው። መጨረሻው ላይ ትንሽ መረር የሚል ሊኖር ይችላል። ስለ ምሬቱ ግን በኋላ እመለሳለሁ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ስለሆነ።

የምግብ ይዘቱን በተመለከተ፣ በአጠቃላይ ያም የሚባለውን ብንወስድ 100 ግራም ጥሬ ያም 118 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ድንች 77 ገደማ ነው። ያም ወደ 4 ግራም ፋይበር አለው። ፖታሲየሙ ከ800 ሚሊ ግራም በላይ ነው፤ ይህ ብዙ ነው። ቫይታሚን ሲም አለው። ፕሮቲኑ ግን 1.5 ግራም ብቻ ነው። ይህን ቁጥር እናቶች እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። ልጅ በያም ብቻ ሆዱ ይሞላል፣ ግን አያድግም። አጠገቡ ባቄላ፣ አተር፣ ቦሎቄ፣ እንቁላል ወይም ወተት መኖር አለበት። ፖታሲየሙም ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነው፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ማብዛት የለበትም።

አሁን ምሬቱ።

ሁሉም የአየር ያም አንድ አይደለም። ሰው ለብዙ ትውልድ እየመረጠ ያለማው አለ፤ በጫካ የቀረም አለ። የለማው ለስለስ ያለ ነው። የጫካው መራራ ነው፣ ብዙውን ጊዜም መርዛማ ነው። ምሬቱን የሚያመጡት ዲዮስቡልቢን የሚባሉ ኬሚካሎች ናቸው። ተክሉ እነዚህን የሚያመርተው ራሱን ከሚበላው ነፍሳትና እንስሳ ለመከላከል ነው። አርሶ አደሮች ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ትልቅ ሥራ ነው። የሚመረውን ጣሉ፣ የማይመረውን ተከሉ። እንደገና ቀመሱ፣ እንደገና መረጡ። ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። ምላሳቸው፣ ትዕግሥታቸውና እርስ በርስ የሚነጋገሩት ነገር ነበር መሣሪያቸው።

መራራውንም ቢሆን የሚበላ ሕዝብ አለ። በሰሜን አውስትራሊያ የአገሬው ተወላጆች ይህንኑ ተክል ከጥንት ጀምሮ ይመገባሉ። ግን እንዲሁ አይበሉትም። ያበስሉታል፣ በቀጭኑ ይፍቁታል፣ ከዚያ በተሸመነ ከረጢት አድርገው ወራጅ ውኃ ውስጥ ያሳድሩታል። ውኃው ምሬቱን ይዞት ይሄዳል። የጎጃም ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ግብጦ ትዝ ይለዋል። ግብጦም ተቆልቶ፣ ለቀናት ወንዝ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ምሬቱ ሲወጣለት ነው የሚበላው። በደቡብ ምሥራቅ እስያም ዲዮስኮሪያ ሂስፒዳ የሚባል፣ ከዚህ ይበልጥ መርዛማ የሆነ ያም አለ። እሱንም ቆራርጠው፣ በጨውና በወራጅ ውኃ ለቀናት እየለወጡ ያጥቡታል። አንድ ቀን ያቻኮለ ሰው ይታመማል፤ የሞተም አለ። እንግዲህ በተለያየ አህጉር ያሉ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች እዚያው መፍትሔ ላይ ደርሰዋል።

እኔ ግን አጥባችሁ ብሉ አልልም። አጠባው ለዘመናት የተማሩት ሰዎች ሙያ ነው። ስንት ቀን፣ በምን ዓይነት ውኃ፣ ምን ያህል ቀጭን ተደርጎ የሚለውን ከእናቱ ያልተማረ ሰው በሙከራ መጀመር የለበትም። የእኔ ምክር ይህ ነው። ከጫካ ያገኛችሁትን የአየር ያም አትብሉ። በአካባቢው ሰው ሲያለሙትና ሲበሉት የኖሩትን ዓይነት ብቻ ብሉ። ለዘርም ከሚያውቀው ሰው ጓሮ ውሰዱ። ቀቅላችሁ ስትቀምሱት አፍ የሚያሳጥፍ ምሬት ካለው ጣሉት። "ጨው ሲገባበት ይለቀዋል" የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት። አለመምረሩ ብቻውን ማረጋገጫ እንዳልሆነም እወቁ፤ ለዚህ ነው የዘሩን ምንጭ ማወቅ የሚቀድመው።

ለባለሙያዎቹ ትንሽ የመለያ ነገር ልናገር። የአየር ያም ግንድ ክብና ለስላሳ ነው፣ እሾህ የለውም። ቅጠሎቹ እየተፈራረቁ ነው የሚወጡት። ሐምራዊው ያም ግንዱ ማዕዘን አለው፣ በማዕዘኑም ላይ ክንፍ መሰል ጠርዝ አለው፤ ቅጠሎቹም ፊት ለፊት ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። የሚጠመጠሙበት አቅጣጫም ይለያል፤ የአየር ያም ወደ ግራ፣ ሐምራዊው ወደ ቀኝ ነው። ሦስት ሦስት ቅጠል ካያችሁና ግንዱ እሾህ ካለው ደግሞ ሌላ ዝርያ ነው። ዲዮስኮሪያ ዱሜቶረም ይባላል፤ የዱሩ መርዛማ ነው። ተማሪዎች፣ ይህን ከወረቀት ላይ አትሸምድዱት። ወጥታችሁ በእጃችሁ ዳስሱት።

ወደ መድኃኒቱ ልለፍ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

የአየር ያም በብዙ አገር የባህል መድኃኒት ነው። በህንድ ባህላዊ ሕክምና ቫራሂ ይባላል፤ ሰውነትን ያጠነክራል ተብሎ ይሰጣል። በካሜሩንና በማዳጋስካር ፍሬው ተወቅጦ እባጭ፣ ብጉንጅና ያመረቀዘ ቁስል ላይ ይደረጋል። በቻይና ስሩ ኋንግ ያኦ ዚ ይባላል። እዚያ ለረጅም ዘመን ለእንቅርትና አንገት ላይ ለሚወጣ እባጭ፣ በኋላም ለካንሰር ሲሰጥ ኖሯል። ተቀቅሎ ይጠጣል፤ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎም ይጠጣል።

የላቦራቶሪ ሰዎችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከፍሬውና ከስሩ ያወጧቸው አንዳንድ ንጥረ ነገሮች በብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያን ተከላክለዋል። አይጥ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ዕጢ እንዳያድግ የገቱም አሉ። ይህ እውነት ነው፣ አልክድም። ብልቃጥና አይጥ ግን ሰው አይደሉም።

ሰው ላይ የታየው ምንድን ነው? በቻይና ይህን መድኃኒት የጠጡ ብዙ ሰዎች ጉበታቸው ተጎድቷል። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ ሽንታቸው ጠቁሯል። የሞቱም አሉ። ምክንያቱ ዛሬ በደንብ ታውቋል። ዲዮስቡልቢን ቢ የሚባለው ኬሚካል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት እንደ ማንኛውም ባዕድ ነገር ሊያስወግደው ይነሣል። ለማስወገድ ሲል በኢንዛይሞቹ ይለውጠዋል። በዚህ ለውጥ የሚፈጠረው ነገር ግን ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ከጉበት ሕዋሳት ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ሕዋሱን ይገድለዋል። ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ዕጢ ያስታግሳል ተብሎ ከተገመቱት ንጥረ ነገሮች ዋናው ይኸው ዲዮስቡልቢን ቢ ነው። ፈውሱን ከመርዙ ለይቶ ማውጣት እስካሁን ቀላል አልሆነም።

ስለዚህ እንቅርት ያለበት ሰው ወደዚህ ተክል እንዲሄድ የሚያደርግ ምንም ምክንያት የለም። በእኛ አገር ለብዙው እንቅርት ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነው። መከላከያው አዮዲን ያለው ጨው ነው፤ ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ። እባጩ ካደገ፣ ከጠነከረ ወይም መዋጥ ከከለከለ ሐኪም ይየው። ካንሰር የተባለ ሰውም ተስፋ ሲቆርጥ የተነገረውን ሁሉ ይሞክራል፤ ይገባኛል። ግን የካንሰር መድኃኒት በራሱ ጉበትን ሊያደክም ይችላል። በዚያ ላይ ይህን መጨመር በሽተኛውን መጉዳት ነው።

ውጭ ለቆዳ የሚደረገውን በተመለከተ ያን ያህል አልጨነቅም። ቢሆንም ያመረቀዘ ቁስል ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙናና ጤና ጣቢያ ነው የሚፈልገው።

"ታዲያ ያም መድኃኒት ነው የሚባለው ከየት መጣ?" ትሉኝ ይሆናል። ከሜክሲኮ ነው የመጣው፤ ታሪኩም ድንቅ ነው።

ራስል ማርከር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከተክል ሆርሞን የሚሠራበትን መንገድ ይፈልግ ነበር። ያኔ ፕሮጄስትሮን የሚባለው የሴት ሆርሞን የሚወጣው ከእንስሳት ነበር። ጥቂት ለማግኘት ብዙ እንስሳ ይታረዳል፤ ዋጋው አይቀመስም። ማርከር ዲዮስጄኒን የሚባል የተክል ንጥረ ነገር በኬሚካል ሂደት ወደ ፕሮጄስትሮን መለወጥ እንደሚቻል አወቀ። ዲዮስጄኒን በብዛት ያገኘው በሜክሲኮ ቬራክሩዝ ግዛት ከሚበቅል የዱር ያም ነው። የአገሬው ሰው ካቤሳ ዴ ኔግሮ ይለዋል። የአሜሪካ መድኃኒት ፋብሪካዎች ሐሳቡን አልተቀበሉትም። እሱም ሜክሲኮ ሄዶ ራሱ ሠራው፤ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ፕሮጄስትሮን አወጣ። በጊዜው ይህ ተሰምቶ የማያውቅ መጠን ነበር። በ1944 ከሁለት አጋሮች ጋር ሲንቴክስ የሚባል ኩባንያ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ተጣልቶ ወጣ፤ ኩባንያው ግን ቀጠለ። በኋላ ባርባስኮ የሚባል፣ ዲዮስጄኒኑ የበለጠ ሌላ የሜክሲኮ ያም ዋናው ጥሬ ዕቃ ሆነ። በ1951 እዚያው ሲንቴክስ ውስጥ ሉዊስ ሚራሞንቴስ፣ ካርል ጄራሲና ጆርጅ ሮዘንክራንዝ ኖሬቲንድሮን የተባለውን ሆርሞን ሠሩ። ይህ ከመጀመሪያዎቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ኮርቲዞንም ከያም መሠራት ጀመረ።

ያንን ስር ከጫካ እየቆፈሩ፣ በጀርባቸው ተሸክመው ያወጡት ግን የሜክሲኮ ገበሬዎች ነበሩ። የሚከፈላቸው ጥቂት ነበር። የሜክሲኮ መንግሥት በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ንግዱን የሚቆጣጠር ድርጅት እስከማቋቋም ደርሷል። ስለ እነሱ ብዙ አይወራም። ዛሬ ግን እኔ ስማቸው ሳይነሣ እንዲያልፍ አልፈለግሁም።

አሁን ዋናው ነጥብ። ያ ለውጥ የተደረገው ፋብሪካ ውስጥ ነው። በአሲድ፣ በሙቀት፣ በብዙ ደረጃ። የሰው ሰውነት ዲዮስጄኒንን ወደ ፕሮጄስትሮን መለወጥ አይችልም። የሚለውጥበት ኢንዛይም የለውም። ኢንተርኔት ላይ "የዱር ያም ክሬም" እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ። "ሆርሞን ያስተካክላል፣ የወር አበባ ማረጥን ያቀላል" ይሉታል። ውጭ አገር ያላችሁ እህቶቼም ይህን በየሱቁ ሳታዩት አትቀሩም። ገንዘባችሁን አትጣሉበት። በተለይ "እርግዝና ይከላከላል" ያላችሁ ሰው ካለ በፍጹም አትመኑት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ፍሎሪዳ ትንሽ ልናገርና ወደ ጥያቄ እንሂድ። የአየር ያም እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ፍሎሪዳ ገባ። እዚያ የሚበላው ነፍሳት አልነበረም። በሚመቸው ወቅት በቀን እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። እያንዳንዱ የወደቀ ፍሬ አዲስ ተክል ነው። ጫካውን ሸፈነው፤ ከሥሩ ያለው ተክል ብርሃን አጥቶ ሞተ። ነቅለው፣ ለቅመው፣ መርዝ ረጭተው አልቻሉትም። በመጨረሻ ሳይንቲስቶች እስያ ሄደው ይህን ተክል ብቻ የሚበላ ቀይ ጢንዚዛ አገኙ። ሌላ ተክል እንደማይነካ ለዓመታት ፈተኑት። ከ2012 አካባቢ ጀምሮ በብዛት ለቀቁት፤ ቅጠሉን በላላቸው። በ2021 ደግሞ ፍሬውን ለይቶ የሚበላ ሌላ ጢንዚዛ ጨመሩ። በእኛ አገር ተክሉ ቤተኛ ነው፤ ጠላቱም አብሮት አለ። ለዚህ ነው እንደዚያ የማያስቸግረን።

አሁን ጥያቄዎቹ።

አንዲት እናት "ልጄ፣ እኔ ስኳር አለብኝ። ይሄ ነገር ለስኳር ጥሩ ነው ይላሉ፤ ልብላው?" ብለው ጠየቁኝ።

እማማ፣ በልክ ሊበሉት ይችላሉ፤ እንደ መድኃኒት ግን አይቁጠሩት። ያም ስታርች ነው፤ ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ባለሦስት ቅጠሉ ያም ላይ ዲዮስኮሬቲን የሚባል ነገር ተገኝቶ የጥንቸሎችን ስኳር ቀንሷል። ያ ሌላ ዝርያ ነው፤ የተሞከረውም በጥንቸል ነው። በሰሐንዎ ላይ ጥቂት ያም፣ ብዙ ጎመንና ትንሽ ሽሮ ይሁን። የታዘዘልዎትን ኪኒን በምንም አይተኩት።

አንድ የጤና ተማሪ ተመርዞ የመጣ ሰው ቢያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ ጠየቀ።

መጀመሪያ የበላውን ጠይቅ። ሰው "ሥር ጠጣሁ" ለማለት ያፍራል፤ ስለዚህ ሳትቆጣ ጠይቀው። የተረፈ ካለ ቤተሰቡ ይዞ ይምጣ፤ ቅጠሉም ቢሆን ይጠቅማል። ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ወዲያው ሊመጣ ይችላል። የጉበት ጉዳት ግን ቀናትም ሳምንታትም ቆይቶ ሊታይ ይችላል። ዛሬ ተሽሎታል ብለህ ብቻ አትሸኘው። የጉበት ምርመራ ይሠራለት፣ ተመልሶ እንዲመጣም ቀጠሮ ስጠው። ማንኛውንም የባህል መድኃኒት እንዲያቆም ንገረው።

አንድ ወጣት አርሶ አደር ደግሞ አተካከሉን ጠየቀ።

ዘሩን ከሚበላው ጓሮ አምጣ ብያለሁ፤ እሱን አትርሳ። ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ጤነኛ የሆነ ትንሽ ፍሬ አፈር በስሱ ሸፍነህበት ትከል። ውኃ የሚቋጥር ቦታ አይስማማውም። ብስባሽ ካለህ ጨምርለት። መውጫ ይፈልጋል፤ ጠንካራ እንጨት ወይም ጥላው ያልበዛ ዛፍ ይሁን። ቡና ላይ እንዳይወጣ ተከታተል፤ ያንቀዋል። ደረቁ ወቅት ሲመጣ ሐረጉ ይደርቃል፤ ሞተ ብለህ አትንቀለው። ስሩ ከሥር ሕያው ነው፣ በሚቀጥለው ዝናብ ያቆጠቁጣል። ቦታውን በችካል ምልክት አድርግ። መሬት ላይ የወደቀውንም ሁሉ ልቀም፤ አለዚያ ያልፈለግኸው ቦታ ይበቅላል።

የመጨረሻው ጥያቄ አሜሪካ ልጆቿ ዘንድ ልትሄድ ከተዘጋጀች እህት ነበር። ጥቂት ፍሬ በሻንጣ ይዛ ብትሄድና ጓሮ ብትተክልላቸው ምን ችግር እንዳለው ጠየቀች።

እህቴ፣ አትያዢ። ለዘር የሚሆን ተክል ሳያሳውቁና ሳያስፈቅዱ ማስገባት ክልክል ነው። ፍሎሪዳ ውስጥማ ይህ ተክል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ አረም ነው። ለልጆችሽ የቦዬን ጣዕም ማቅመስ ከፈለግሽ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ሱቅ ሂጂ። እዚያ ትልልቅ፣ ልጣጩ ቡናማና ሻካራ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ ያም ታገኛለሽ። በትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ያም ተብሎ የሚሸጠው ብርቱካናማ ነገር ስኳር ድንች ነው፤ በእሱ እንዳትሸወጂ። ዳጣውን ግን ከዚህ ማዘጋጀት አያስፈልግሽም፤ ቃሪያው፣ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ እዚያም አለ።